የጓደኛ ውለታ በወንፈል ሲመለስ

«ብድር መላሽ ያድርገኝ» ብላችሁ የተለያችሁት ሰው አይጠፋም። ግራና ከሆናችሁ፣ ለቅሶ ሄዳችሁ ሳለ የመስኖ ተራችሁ ሌሊት ደርሶ ሽንኩርታችሁን ሲያጠጣ ያደረ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። መርሳ ከሆናችሁ ልጃችሁን ለፈተና ማታ ማታ ሒሳብ ያስጠና የሰፈር ልጅ፣ ወልድያ ከሆናችሁ እናታችሁ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ወንበር ላይ ያደረች ጓደኛ። ምርቃቱ ከአፍ ወጥቷል፤ ብድሩ እንዴት እንደሚመለስ ግን የነገራችሁ የለም።

ገንዘብ ብትሰጡት ይቀየማል። ምሳ ብትጋብዙት በልቶ ያመሰግናል፣ ነገሩ እንዳልተዘጋ ግን እናንተም እሱም ታውቃላችሁ። ሸሚዝ ብትገዙለት ሌላ ሸሚዝ የመግዛት ዕዳ ታሸክሙታላችሁ። እኔ የማቀርብላችሁ ሌላ መንገድ ነው፤ ባለውለታችሁ ሊሠራው እየፈለገ ጊዜ፣ እጅ ወይም ድፍረት ያጠረውን አንድ የፈጠራ ሥራ አብራችሁት ሥሩ። የሠርግ ዘፈን ይሆናል፣ ጋቢ ይሆናል፣ ሌማት ይሆናል፣ የአባቱን ታሪክ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ትሆናለች። የአሠራሩን ሕግ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ እርሻው ላይ አለላችሁ።

ደቦ ወይስ ወንፈል?

የሰሜን ወሎ ገበሬ ተባብሮ የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ደቦ የሚያወጣ ሰው እንደ ቤቱ ደንብ ጠላውን ወይም ቃሪቦውን ጠምቆ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ መንደሩን ይጠራል፤ የመጣ ሰው ቀን አይቆጠርበትም። ወንፈል ተራ አለው፤ ዛሬ እኔ ያንተን ካጨድኩ በቀጠሮው አንተ የኔን ታጭዳለህ፣ ቀን በቀን። መቀናጆ ደግሞ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች አጣምደው በየተራ የሚያርሱበት ነው።

ለውለታ የሚስማማው ወንፈሉ ነው። «በጓደኛ መካከል ሂሳብ የለም» የሚል ሰው ትሰማላችሁ፤ እኔ አላምነውም። እንዲህ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ በሆዱ እየቆጠረ ይኖራል። ወንፈለኛ በግልጽ ቆጥሮ ስለሚጨርስ ቂም የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የምትሠሩት ሥራ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ይሁን፤ ሦስት ሌሊት ያደረላችሁን ሰው ሦስት ሙሉ ቀን ስጡት። ሊመዘን የማይችል ውለታ አለ፤ ከሞት ያተረፋችሁን ሰው በምንም ቀን አታካክሱትም። እሱን ለምርቃት ተዉትና ለሌላው ተነሱ።

ከወንፈል የምትወስዱት ዋናው ሕግ የቀን ቆጠራው እንዳይመስላችሁ። በወንፈል ዕለት አዛዡ ባለማሳው ነው። ማሽላ ዘርቶ ከሆነ ማሽላ ታጭዳላችሁ፤ «ጤፍ ብትዘራበት ይሻል ነበር» ብሎ ማጭዱን የሚያስቀምጥ ወንፈለኛ አይቼ አላውቅም። በፈጠራ ሥራ ጓደኛቸውን ሊያግዙ የሚነሱ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሰውየውን ዘፈን ሊያቃኑ ገብተው የራሳቸውን ዘፍነው ይወጣሉ። ከዚህ በታች ባለው በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ማሳው የማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

የተጀመረውን ፈልጉ

አዲስ ሐሳብ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰው ሁሉ የጀመረውና ያልጨረሰው ነገር አለው። ከፍራሽ ሥር የተቀመጠ የግጥም ደብተር፣ ግማሹ ተሰፍቶ ስንደዶው የደረቀ ሌማት፣ ስልክ ውስጥ ተቀርጾ የቀረ የአያት መንዙማ፣ «አንድ ቀን አጽፈዋለሁ» የሚባል የአባት ታሪክ።

«ምን ላድርግልህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኧረ ምንም፣ አብሽር» ይላችኋል፣ በዚያው ይዘጋል። ይልቅ ቡና ላይ «ያ ደብተር የት ደረሰ?» በሉት። በአቦል ይስቃል፣ በቶና ሰበብ ይደረድራል፣ በረካ ላይ ደብተሩ ይወጣል። ሌላ ሰው ባለበት አታንሱት፤ ያልተጨረሰ ሥራ ትንሽ ያሳፍራል።

ከዚያ ውለታውን በስሙ ጥሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «ያኔ ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ አድረሽልኛል። እኔም ሦስት ቀን አለኝ፤ ያን ጋቢ እንጨርሰው።» ባለውለታችሁ ታላቅ ከሆነች አንቱታውን አትርሱ፤ «እትዬ፣ ያኔ የዋሉልኝን አልረሳሁም፣ ይችን ሌማት እኔ እያቀበልኩ እርስዎ ይስፉ።» ከዚህ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ውለታ የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። በየቀኑ የሚነሳ ውለታ ክስ ይመስላል።

እምቢ ካለስ? አትለማመጡት። ጎተራውን አብራችሁት ለስኑ፣ አጥሩን እጠሩ፤ ያም ውለታ ነው።

ቀኑና ምግቡ

የማሽላ ወፍ በሚጠበቅበት ሰሞን፣ ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ በሚውሉበት ጊዜ፣ ማንንም ለግጥም አትጥሩ። አጨዳና ውቂያም እንዲሁ። የመስኖ ተራውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የቅሬ (የዕድር) ቀን አለመሆኑን አረጋግጡ። ግራናና መርሳ ባሉበት ሀብሩ ወረዳ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ ጁምዓን፣ ረመዷንን፣ የወር በዓላትንና አጽዋማትን ሁሉ ቆጥራችሁ ቀን ስታገኙ እሰየው በሉ።

በእርሻው ወንፈል የሚያበላው ባለማሳው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ደንቡን ገልብጡት፣ ምግቡ ከናንተ ይሁን። ሥጋ አታምጡ፤ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ሥራውን ያቋርጣል። ሽሮና ቆሎ ሁሉንም ያስማማሉ።

ጋቢ ከሆነ

ከሥራዎቹ ሁሉ ለብዙ ጓደኛ የሚመቸው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ፈትል ይበላል፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ፈትላ ለመጨረስ ወራት ይወስድባታል። እሷ የጀመረችውን አምስት ሆናችሁ ብትገቡበት ነገሩ ይቀልላል።

ጥጡን ግዙ፣ ፍሬውን ለዩ፣ በደጋን አስነድፉ፣ አመልማሎውን አዘጋጁ። እንዝርት ይዞ የማያውቅ ወንድ እዚህ ላይ ሥራ ሞልቶለታል፤ ጥጥ ይፈልቅቅ፣ ዕቃ ያመላልስ፣ ቡና ይቁላ። ፈታዮቹ ከመጀመራቸው በፊት ባለጋቢዋ አንድ ክንድ ያህል ክር ፈትላ ለእያንዳንዷ ትስጥ። ያ ክር መለኪያ ነው፤ ሁሉም ከሱ እያስተያየ ይፈትላል። በዚህ ያልተስማሙ ጓደኞች አንዷ ፀጉር ሌላዋ ገመድ ፈትላ ሸማኔው ጋ ይደርሱና እሱ ይቆጣል፣ ልክም ነው።

ዛሬ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን የፋብሪካ ክር ያደርገዋል፤ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ነው ጋቢው የሚሞቀው። ድሩም የእጅ ይሁን ካላችሁ ጎበዝ የሆነችው ድሩን ትፍተል፤ ድር ቀጭንና ጠንካራ መሆን አለበት፣ የሚወጠረው እሱ ነውና። ጀማሪዎቹ ማጉን ይያዙ። የእያንዳንዷን ልቃቂት ለይታችሁ አስቀምጡና ሸማኔውን እያፈራረቀ እንዲጠቀም ለምኑት፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከሄደ የጋቢው አንድ ወገን ወፍሮ ሌላው ይሳሳል። ሲፈራረቅ የእጅ ልዩነቱ በመላው ይበተንና ዓይን አይለየውም።

የጥለቱ ቀለም? ባለጋቢዋ ትወስናለች። አረንጓዴ አልወደድኩትም አትበሉ።

ግጥም ወይም ዘፈን ከሆነ

ጥር ሲደርስ ይህ ይበዛል። ባለውለታችሁ ልጁን ይድራል፣ አንድ ነገር ሊልላት ይፈልጋል፣ ቃል ግን አይመጣለትም። ግጥም የምትችሉ ከሆነ «አምጣ እኔ ልጻፍልህ» ማለት ይቀናችኋል። ይቅርባችሁ። ጽፎ መስጠት ስጦታ ነው፣ አብሮ መሥራት ግን ከዚያ ይለያል።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ግጥም አትጻፉ። ስለ ልጁ እንዲያወራ አድርጉትና የሚለውን እንዳለ መዝግቡ፤ በልጅነቷ ማማ ላይ ወፍ ስትጠብቅ ያስቸገረችውን፣ መርሳ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ዝናብ የመታትን። ንግግሩ ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ስንኝ ተደብቆ ታገኛላችሁ፤ አባት ስለ ልጁ ሲናገር ሳያስበው ቤት ይመታል። ያን አስምሩበትና አሳዩት። አዝማቹን ከዚያ ውስጥ እሱ ይምረጥ።

በሁለተኛው ቀን ተቀበል ተባባሉ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል። እናንተ ደግሞ ገልብጡትና እሱ ይስጥ፣ እናንተ ተቀብላችሁ ቤቱን አስተካክሉ። ሲንተባተብ ዝም በሉ። ቅኔ ቤት ነጠቃ የሚባል ልማድ አለ፤ አንዱ ቅኔውን ሳይጨርስ ሌላው ፍጻሜውን ቀድሞ ይነጥቀዋል። ለተማሪው አእምሮ ስለት ነው፤ ውለታ በሚመለስበት ቤት ግን የተከለከለ ይሁን። ጓደኛችሁ ለሦስት ደቂቃ የፈለገውን ቃል በሦስት ሴኮንድ ብትሰጡት ቃሉ የናንተ ሆኖ ይቀራል።

ዓይን አፋር ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። በ1920ዎቹ አጋማሽ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፓሪስ የነበሩ ሱሪያሊስት የሚባሉ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ወረቀት እያጠፉ ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ጽፎ ያጥፈዋል፣ ቀጣዩ ያለፈውን ሳያይ ይቀጥላል። ለኛ ግጥም እንዲስማማ ትንሽ ለውጡት፤ ሁለት ስንኝ ጻፉና የመጨረሻዋ ቃል ብቻ እንድትታይ አድርጋችሁ እጠፉት። ቤት የምትመታዋ ፊደል ስለምትታየው እሱ ከሷ ይነሳል። ወረቀቱ ሲዘረጋ ግማሹ ያስቃል፣ ግማሹ ይጣላል፣ አንድ ሁለት ስንኝ ግን ይተርፋል። የሚጣለውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ምክንያት አትጠይቁት።

ዜማው ላይ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ካገኛችሁ ቅኝቱን ግጥሙ ሳይደርቅ አብራችሁ ምረጡ። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ አገሮች የወሰዱ ናቸው፤ አምባሰል ከሚሌ ወንዝ ማዶ ጎረቤታችሁ ነው። ለሠርግ ትዝታ አይቃናም ባይ ነኝ፣ አባትየው ካለቀሰ ግን እሱ ያውቃል። ቤቱ መንዙማ የሚፈልግ ከሆነ የሠርግ ዘፈን ዜማ አትጫኑበት፤ መንዙማ የራሱ አወጣጥ፣ ተቀባይና ድቤ አለው። በየጁ ምድር ዳናን የመሰለ የቆየ የእስልምና ትምህርት ማዕከል አለና ቃሉን የሚያይላችሁ ሼህ አታጡም፤ ሳታሳዩት አታውጡት።

ብዙ ሆናችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ኩራት ይመጣል፤ የኔ ድምፅ ይቅደም፣ የኔ ስንኝ አይውጣ። ይህን አገር ድርቅ በመታው በ1977 ዓ.ም ጥር ወር፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ40 በላይ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ እርዳታ «ዊ አር ዘ ወርልድ» የሚለውን ዘፈን በአንድ ሌሊት ቀርጸዋል። ማይክል ጃክሰንና ሊዮኔል ሪቺ አብረው የደረሱት ነው። አዘጋጁ ኩዊንሲ ጆንስ እያንዳንዱ ዘፋኝ በአገሩ ንጉሥ እንደሆነ ያውቅ ነበርና ኩራታችሁን በሩ ላይ ትታችሁ ግቡ የሚል ጽሑፍ አስለጠፈ። ያን ሁሉ ዝነኛ ያስተዳደረ ወረቀት ለአምስት የመርሳ ልጆች አያንስም። በር ላይ መለጠፍ ባያስፈልግም ከልምምዱ በፊት አንድ ሰው ይናገረው።

የአባት ታሪክ ከሆነ

ስልኩን አብሩ፣ ሽማግሌው ከለመዱት ቦታ አታስነሷቸው። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ «በ66ቱ ድርቅ የት ነበሩ?» «መሬት ሲከፋፈል ለናንተ የቱ ደረሳችሁ?» «በ77ስ?» በሉ። የወሎ ሽማግሌ ዘመኑን የሚቆጥረው በነዚህ ነው፤ የቀረውን ቀን ከነሱ ተነስታችሁ ትሞሉታላችሁ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በአካባቢው ስላለፈው ጦርነት ራሳቸው ካነሱ አድምጡ፣ ካላነሱ አትቆስቁሱ። ጥያቄውን የሚጠይቀው ልጃቸው ይሁን፤ እናንተ መቅረጽና ገልብጦ መጻፍ ነው ሥራችሁ። አንድ ሰዓት ድምፅ ገልብጦ ለመጻፍ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ውለታው ያለው እዚያ አሰልቺ ሥራ ላይ ነው።

ለማሳተም ኤ-አራት ወረቀት ለሁለት አጥፉና መሐሉን በስቴፕለር ምቱ። ገጹ በአራት የሚካፈል ይሁን፣ አለዚያ ባዶ ገጾች ይተርፋሉ። ወልድያ ካሉት ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ለቤተሰቡ የሚበቃ ቅጂ ታወጣላችሁ። ሽፋኑ ላይ የሽማግሌው ስም ይግባ፣ የልጃቸውም እንደ አዘጋጅ። የናንተ ስም ውስጥ በትንሹ ይበቃዋል።

ባለውለታችሁ ዓረብ አገር ከሆነች

ከሀብሩ ብዙ ሴት ልጆች ዓረብ አገር ናቸው፤ የብዙ ቤት ባለውለታ እዚያ ናት። ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤት ክዳን ብር ልካለች። ብሩን በብር ለመመለስ አቅም ላይኖር ይችላል፣ ቢኖርም አትቀበልም። እሷ ቀን የላትም፤ ያላት ከሥራ በኋላ የምትሰርቃት ጥቂት ደቂቃና ኢሞ ነው።

ስለዚህ ሥራውን በሷ ደቂቃ ልክ ቁረጡት። እሷ በድምፅ መልእክት አንድ ስንኝ ወይም አንድ ትዝታ ትላክ፤ እናንተ ቀጣዩን ላኩ። የእናቷን የቡና ምርቃት፣ የማሽላውን ማሳ፣ የሠፈሩን ልጆች ጩኸት ቅረጹና መሐል መሐሉ ላይ አስገቡ። የትኛው ድምፅ ይግባ የሚለውን ጠይቋት፤ እናንተ ደስ ያላችሁ የእናቷ ለቅሶ ለሷ ሌሊቱን የማያስተኛ ሊሆን ይችላል።

ስምና ገንዘብ

ይህን ርዕስ ጓደኛሞች ስለሚያፍሩበት ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ በኋላ ይጣሉበታል። ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሁለት ሰዎች በጋራ የፈጠሩት ሥራ የጋራቸው ነው፤ ጥበቃውም በመጨረሻ የሞተው ደራሲ ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት የልጅ ልጆቻችሁ ይካሰሱበታል ማለት ነው። ለውለታ የሠራችሁት ከሆነ «ገቢ ከመጣ ያንተ ነው» ብላችሁ በወረቀት አስፍሩትና ሁለታችሁም ፈርሙ። ዳኛና ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ከደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ቅደዱ። ገቢውን መተው ካልቻላችሁ ደግሞ ሥራው ወንፈል መሆኑ ቀርቶ ንግድ ሆኗል፤ ንግድም ነውር የለውም፣ ውለታውን ግን በሌላ ቀን መልሱ።

ሲያልቅ

የተስማማችሁበት የመጨረሻ ቀን ሲመሽ ሥራው ባያልቅም አቁሙ። ጋቢው ሸማኔ ጋ ካልደረሰ ባለጋቢዋ ብቻዋን ልትቀጥለው በምትችልበት ሁኔታ ተዉላት፤ ልቃቂቱ ይቆጠር፣ የሸማኔው ቀጠሮ ይያዝ። ግጥሙ ሦስት ስንኝ ከጎደለው ይጉደል፣ እሱ ይሙላው። ቀን እየጨመራችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ከወንፈለኛነት ወደ አለቅነት ትሻገራላችሁ፣ እሱም «በቃ» ለማለት ይቸገራል።

ሥራው ያላማረ ከሆነ አትዋሹት፣ አታዋርዱትም። «ሁለተኛው አንጓ ላይ ደስ ብሎኛል» ማለት ይበቃል። ሠርጉ ላይ ሲቀርብ ከኋላ ተቀመጡ፤ ሰው «ማን ረዳህ?» ብሎ ቢጠይቀው እሱ ይመልስ።

ከዚያ በኋላ የማይቀር ነገር አለ፤ ጓደኛችሁ መጥቶ «አሁን ደግሞ እኔ ባለ ዕዳ ሆንኩ» ይላችኋል። «ኧረ ምን አደረግኩልህ» እያላችሁ አትከራከሩ። የማሽላችሁ አጨዳ መቼ እንደሆነ ቀኑን ንገሩት፣ ማጭዱንም ስሎ ይምጣ።